የደርግ ዘመን የግብርና ዘመቻ ለምን ከሸፈ? ስለ ኮታ፣ መልባ፣ የመንግሥት እርሻና መንደር ምሥረታ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ደርግ ዘመን ግብርና ሲነሳ ሁለት መልሶች ቶሎ ይመጣሉ። አንዱ «ድርቁና ጦርነቱ ነው ያበላሸው» ይላል፤ ሌላው «ሶሻሊዝም ስለነበረ ነው» ብሎ ጉዳዩን ይዘጋዋል። ሁለቱም ውስጥ እውነት አለ። ነገር ግን አንድ ገበሬ እህሉን ወቅቶ ዐውድማው ላይ ሲቆም ምን ያሰላ እንደነበር አይነግሩንም። የዘመቻው ዕጣ የተወሰነው ደግሞ እዚያ ስሌት ላይ ነው። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች በዚያ ላይ ያተኩራሉ። ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

«የግብርና ዘመቻ» ሲባል የትኛው ነው?

አንድ ቀን ታውጆ የተጀመረ አንድ ነገር አይደለም፤ በ15 ዓመት ውስጥ እየተደራረበ የመጣ ነው። በታኅሣሥ 1967 ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ወጡ። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ። ከአንድ ዓመት ተኩል ግድም በኋላ እህል የሚገዛው የመንግሥት ተቋም፣ እርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ተቋቋመ። 1971 ዋናው መታጠፊያ ነው፦ የኢኮኖሚ ዘመቻው ታወጀ፣ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት መመሪያ ወጣ፣ ለመንግሥት እርሻዎችም ራሱን የቻለ ሚኒስቴር ቆመላቸው። ቀጥሎ በ1972 ኮታ፣ ማለትም ገበሬው በተወሰነ ዋጋ ለመንግሥት እንዲያስረክብ የሚጣልበት የግዴታ እህል መጣ። በ1977 የአሥር ዓመቱ መሪ ዕቅድ ተጀመረ፤ ሰፈራውና መንደር ምሥረታውም በዚያው ሰሞን ተከተሉ።

ከሁሉም ጀርባ ያለው እምነት አንድ ነበር። ገበሬው የተበታተነ ነው፣ በበሬ ያርሳል፣ ማሳው ጠባብ ነው፤ እንግዲያው ሰብስበን እናደራጀው፣ ትርፍ ምርቱን በተወሰነ ዋጋ እንውሰድ፣ በእሱም ከተማውን፣ ሠራዊቱንና ፋብሪካውን እናቋቁም የሚል። ገበሬው ለዚህ ሁሉ ፈቃደኛ የሚሆንበት ምክንያት ምን እንደሆነ ግን በዕቅዱ ውስጥ አልተጻፈም።

መሬት ላራሹ ራሱ ስህተት ነበር?

አልነበረም። በተለይ በደቡብና በምዕራብ የሲሶና የእርቦ ጭሰኛ ሆኖ ለኖረ ገበሬ አዋጁ ነፃ መውጫው ነው፤ ይህን የሚያሳንስ ታሪክ ትክክል አይደለም። ችግሩ ያለው አዋጁ ይዟቸው በመጣ ክልከላዎችና በኋላ በተጨመሩት ላይ ነው።

አዋጁ አንድ ቤተሰብ ሊይዝ የሚችለውን መሬት እስከ 10 ሄክታር ወሰነ። መሸጥ፣ ማከራየት፣ በዋስትና ማስያዝ ተከለከለ። ሰው ቀጥሮ ማሳረስም ተከለከለ፤ ከዚህ የተተዉት ሌላ መተዳደሪያ የሌላቸው ሴቶች፣ አቅመ ደካሞችና ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ናቸው። የገበሬ ማኅበር በ800 ሄክታር፣ ማለትም በ20 ጋሻ መሬት ላይ እንዲቋቋም ተደነገገ። 10 ሄክታር የሚለው ጣሪያ ነው እንጂ ድርሻ አይደለም፤ ደገኛው ገበሬ በተግባር የደረሰው ብዙውን ጊዜ ከ2 ሄክታር በታች ነበር።

ከዚያ በኋላ አዲስ ጎጆ በወጣ ቁጥር የገበሬ ማኅበሩ መሬት ይሸነሽናል። ዘንድሮ ያረስኩት ማሳ ለከርሞ የኔ ይሁን አይሁን ካላወቅኩ እርከን አልሠራም፣ ፍግ አላፈስም፣ ዛፍ አልተክልም። ቅጥር መከልከሉ ደግሞ በሬ የሌለውንና ጉልበት ያነሰውን ቤት ጎዳ። መቀናጆ፣ ደቦና ወንፈል ቢኖሩም ሁሉን አይሸፍኑም። ብዙ መበለቶች መሬታቸውን በእኩል ይሰጡ የነበረው በስውር ነው፤ ከታወቀ መሬቱ ሊነጠቅ ይችላልና።

ኮታው በተግባር እንዴት ይሠራ ነበር?

ከላይ ወደ ታች ነው። አገሪቱ ዘንድሮ ይህን ያህል እህል ትፈልጋለች ተብሎ ይወሰናል፤ ለክፍለ ሀገር ይከፈላል፤ ክፍለ ሀገሩ ለአውራጃ፣ አውራጃው ለወረዳ፣ ወረዳው ለገበሬ ማኅበር ያከፋፍላል። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ስም እየጠራ ለየቤቱ ያድላል። ቁጥሩ የሚነሳው ከተፈላጊው እህል ነው፤ የማሳው ምርት የሚጠየቀው በመጨረሻ ነው። በመካከሉ ያለ ሹም ሁሉ የሚገመገመው ኮታውን በመሙላቱ ስለሆነ «ዝናቡ ቀድሞ አቁሟል፣ ይቀነስልን» ብሎ ወደ ላይ የሚጽፍ ብዙ አይገኝም ነበር።

ዋጋውም ተወስኖ ይመጣል። ከ1973 ጀምሮ ዋጋው በመላ አገሪቱ አንድ ወጥ ሆነ፤ እስከ 1980ም ከሞላ ጎደል ባለበት ቆየ። በእነዚያ ዓመታት የጨው፣ የጨርቅ፣ የማዳበሪያ ዋጋ ሲንር የጤፉና የስንዴው ዋጋ ቆሞ ቀረ።

እህሉን ወደ መሰብሰቢያ ጣቢያ ማድረስ የገበሬው ሥራ ነው። አህያ በአንድ ጉዞ የምትችለው ግማሽ ኩንታል ያህል ስለሆነ ለአንድ ኩንታል ሁለት አህያ ወይም ሁለት ምልልስ ያስፈልጋል። ጣቢያው የግማሽ ቀን መንገድ ከሆነ ሦስት ኩንታል ለማስገባት የሚባክነው ጊዜ ቀላል አይደለም። ከዚያ ወረፋ አለ፣ ጆንያ የለም መባል አለ፣ «እርጥብ ነው፣ አፈር አለበት» ተብሎ መመለስ አለ። በብዙ ቦታ እርሻ ሰብል ገበያ ድርጅትን ወክለው የሚረከቡት የአገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበራት ነበሩ። ስኳር፣ ጨው፣ ሳሙናና ላምባ የሚሸጠው ሱቅም የነሱው ነበር። ይህ ቀጥሎ ላለው ጥያቄ ይጠቅማል።

ኮታውን ያልሞላ ሰው ምን ይገጥመው ነበር?

መጀመሪያ ከሱቁ ይታገዳል፤ ስኳርና ላምባ የለም። ካልሆነ መቀጮ፣ እህል መውረስ፣ የከብት መያዝ፣ እስራት፣ አንዳንድ ቦታም መሬት መነጠቅ ነበር። ለዚህ ነው ምርቱ ያልደረሰለት ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ የሚያስረክበው።

ስሌቱን በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹን የመረጥናቸው አሠራሩን ለማሳየት ብቻ ነው። አንድ አምስት ነፍስ ያለው ቤት 12 ኩንታል አገኘ እንበል። ለቀለብ 9፣ ለዘር 1 ይይዛል፤ 2 ይተርፈዋል። ኮታው ግን 3 ኩንታል ነው። የመንግሥት ዋጋ 40 ብር፣ የገበያው 100 ብር ቢሆን፣ የጎደለውን 1 ኩንታል በ100 ብር ይገዛል። 3 ኩንታል አስረክቦ 120 ብር ይቀበላል። በእጁ የሚቀረው 20 ብር ነው። ያንኑ 2 ኩንታል ገበያ አውጥቶ ቢሆን 200 ብር ያገኝ ነበር። ከዚያች 20 ብር ላይ ግብር አለ፣ የገበሬ ማኅበር መዋጮ አለ፣ የሴቶችና የወጣቶች ማኅበር መዋጮ አለ፣ የእናት አገር ጥሪ አለ፣ የማዳበሪያ ዕዳም አለ።

እንግዲህ ይህ ሰው ለከርሞ ምን ያደርጋል? ማዳበሪያ አይበደርም፤ የሚጨምረው ምርት በ40 ብር የሚሄድ ከሆነ ዕዳው ብቻ ይተርፈዋል። የሚያርሰውን ይቀንሳል። እህሉን በጉድጓድና በዘመድ ቤት ይደብቃል፣ ሌሊት ለነጋዴ ይሸጣል። የሚችልበት አገር ከሆነ ቁጥጥሩ ወደሚላላበት ሰብል ይዞራል፤ በሐረርጌ ጫት ቡናንና ማሽላን እየገፋ የተስፋፋበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ባለሥልጣናቱ ይህን «የገበሬው ንቃተ ኅሊና ማነስ» ይሉት ነበር። ገበሬው ግን ከማንም በላይ በትክክል ያሰላ ሰው ነው።

ነጋዴውስ?

እንደ ክፍለ ሀገሩ ይለያያል። እንደ ጎጃምና አርሲ ባሉ ዋና ትርፍ አምራች አካባቢዎች የግል የእህል ንግድ ጨርሶ ተዘጋ ለማለት ይቻላል። በሌላው ቦታ ፈቃድ ያለው ነጋዴ ከገዛው ግማሹን በተወሰነ ዋጋ ለድርጅቱ እንዲያስገባ ይገደዳል፤ የቀረውን ይሸጣል። በግማሹ የከሰረውን በሌላው ግማሽ ማካካስ ስላለበት ለሸማቹ ያስወድዳል፣ ለገበሬው ያረክሳል። በየመንገዱ ኬላ ቆመ። ለቤት ፍጆታ ከተፈቀደው በላይ የያዘ መንገደኛ ይወረስበታል፤ ኬላውን በጉቦ ማለፍም የንግዱ አንድ ወጪ ሆነ።

ኬላ ያመጣው ትልቁ ጉዳት በዋጋ ሰሌዳ ላይ የሚታይ ነው። እህል በጎጃም ሲረክስ በወሎ ይንራል። ድሮ ይህን ልዩነት የሚያጠበው በቅሎና አህያ ጭኖ፣ በኋላም መኪና ተከራይቶ የሚሻገር ነጋዴ ነበር። እሱ ሲታገድ ሁለቱ አገሮች እንደተለያዩ ቀሩ።

ቢያንስ ከተሜው በርካሽ በልቷል አይባልም?

የተወሰነው በልቷል። የድርጅቱ እህል በቅድሚያ የሚሄደው ለሠራዊቱ፣ ለሆስፒታል፣ ለማረሚያ ቤት፣ ለዩኒቨርሲቲና ለዱቄት ፋብሪካዎች ነው፤ ከዚያ በከተማ ቀበሌዎች ሱቅ ለነዋሪው በኩፖን ይታደላል። አዲስ አበባና ጥቂት ትልልቅ ከተሞች ተጠቅመዋል። ሆኖም ራሽኑ ወሩን አያደርስም፤ የሚመጣው እህል ዓይነትም የሚመረጥ አይደለም። የጎደለውን ከገበያ ሲገዙ ደግሞ ያ ገበያ በኬላውና በኮታው ምክንያት የተወደደ ነው። የገጠሩ እህል ገዢ፣ በተለይ የቆላው፣ የከብት አርቢውና የትንሽ ከተማው ደሃ፣ ምንም ራሽን ሳይኖረው ውድነቱን ብቻ ተሸከመ።

መልባ፣ ወልባ፣ ወላንድ ምንድን ናቸው?

የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሦስት ደረጃዎች ናቸው። በመልባ አባላቱ መሬታቸውን ያዋህዳሉ፤ ለየቤቱ እስከ 2,000 ካሬ ሜትር የጓሮ መሬት ይቀራል። በሬውና እርሻ ዕቃው ገና የግል ነው። በወልባ በሬውም ዕቃውም ወደ ማኅበሩ ይዞራል፣ የጓሮው መሬትም ወደ 1,000 ካሬ ሜትር ይወርዳል። ወላንድ ብዙ ወልባዎች ተዋህደው የሚደርሱበት የመጨረሻው ደረጃ ተብሎ የታሰበ ነው፤ ብዙዎቹ ማኅበራት ከመልባ ሳያልፉ ነው ዘመኑ ያበቃው።

በአሥር ዓመቱ ዕቅድ እስከ 1986 ድረስ ግማሽ ያህሉን ገበሬ እዚህ ውስጥ ለማስገባት ታስቦ ነበር። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በቅድሚያ፣ ብድር በአነስተኛ ወለድ፣ የግብር ቅናሽ፣ ከሁሉም በላይ ሜዳውና ለሙ መሬት ለማኅበሩ ተሰጠ። መልባ ሲቋቋም የግለሰቡ ገበሬ ማሳ መሀል ከገባ እሱ ወደ ዳገቱ ይነሳል። በየአካባቢው ያለው ቂም ዋና ምንጭ ይኸው ነው። ይህ ሁሉ ተደርጎም እስከ መጨረሻው ከአሥር ገበሬ አንዱን እንኳ አላቀፉም።

የሥራ ነጥብ አሠራሩ ምን ጉድለት ነበረው?

አባሉ በዋለበት ሥራ ልክ ነጥብ ይመዘገብለታል፤ እርሻና አጨዳ ከጥበቃ የበለጠ ነጥብ ያወጣሉ። ዓመቱ ሲያልቅ ከምርቱ ላይ ግብር፣ የማዳበሪያ ዕዳ፣ ዘር፣ መጠባበቂያና የአስተዳደር ወጪ ይነሳል፤ ኮታውም በመንግሥት ዋጋ ይሄዳል። የቀረው ለጠቅላላው ነጥብ ይካፈልና የአንድ ነጥብ ዋጋ ይወጣል።

በወረቀት ላይ ፍትሐዊ ነው። ሆኖም ነጥቡ የሚቆጥረው የዋለበትን ቀን እንጂ የሥራውን ጥራት አይደለም። ጤፍ 4 እና 5 ጊዜ ካልታረሰ፣ አረሙ በጊዜው በእጅ ካልተነቀለ ምርት የለውም። ይህን ሥራ በጥንቃቄ መሠራቱን ከዳር ቆሞ የሚያይ ተቆጣጣሪ ሊያውቀው አይችልም፤ የሚታወቀው በመከር ነው። 100 አባላት ባሉበት ማኅበር አንዱ ተጠንቅቆ በማረሙ ከሚገኘው ጭማሪ ለራሱ የሚደርሰው አንድ መቶኛ ብቻ ነው። ጓሮው ላይ ግን ሙሉው የሱ ነው። ስለዚህ ጠዋት ወደ ማኅበሩ ማሳ ወጥቶ ነጥቡን ያስመዘግባል፣ ጉልበቱን ለጓሮው ያቆያል። የወል በሬም እንዲሁ ነው፤ ውኃ ማጠጣቱ የሁሉም ኃላፊነት ሲሆን ማንም የማያስታውስበት ቀን ይመጣል።

የመንግሥት እርሻ ትራክተርም ማዳበሪያም ነበረው፤ ለምን ከሰረ?

የሁሉም ነገር ቅድሚያ የሱ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያና አጋማሽ የመንግሥት እርሻዎች ከአገሪቱ የታረሰ መሬት የያዙት 4 በመቶ ያህሉን ነው። አገር ውስጥ ከገባው ኬሚካል ማዳበሪያ ወደ ሦስት አራተኛ የሚጠጋው፣ ከምርጥ ዘሩና ከእርሻ ብድሩ ደግሞ አብዛኛው ለእነሱ ዋለ። እርሻ ሰብል እንኳ ከእነሱ ሲገዛ ከገበሬው ከሚገዛው በላይ ይከፍል ነበር። የሰጡት ምርት ግን ከያዙት መሬት ድርሻ ብዙም አልራቀም፤ ብዙዎቹ በድጎማ ነው የቆሙት።

ምክንያቱ መሬቱ ላይ ይታያል። ትራክተሩና ኮምባይነሩ በአብዛኛው ከምሥራቅ አውሮፓና ከሶቪየት ኅብረት የመጣ ነው፤ በኋላም በናዝሬት የትራክተር መገጣጠሚያ ተቋቋመ። መለዋወጫው የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል፣ ምንዛሪው ደግሞ ጦርነት ላይ ነው። አንድ ኮምባይነር በመከር መካከል በአንድ ቀበቶ ምክንያት ሦስት ሳምንት ከቆመ፣ የደረሰ ስንዴ ይረግፋል ወይም ዝናብ ይመታዋል። ጥቁሩ ዋልካ አፈር ክረምቱ ከገባ ጎማ ይውጣል፤ ስለዚህ ማረሻ ጊዜው ጠባብ ነው። ያን ጊዜ ነዳጅ ካልደረሰ ዘሩ ይዘገያል። በአርሲና በባሌ ስንዴ በስንዴ ላይ በየዓመቱ መዝራቱ ሙጃን አባዛ፤ ሙጃ ከስንዴው ጋር ስለሚመሳሰል በእጅ ለማረም ያስቸግራል፣ መድኃኒቱም ከውጭ ይገዛል። ገበሬ ቢሆን ባቄላ ወይም አተር አፈራርቆ ያዳክመው ነበር፤ ዕቅዱ ግን ስንዴ ብቻ ይላል።

በጥጥና በሰሊጥ እርሻዎች ችግሩ የሰው ጉልበት ነው። ከደጋ ወርዶ ለቅሞ የሚመለሰው ወቅታዊ ሠራተኛ በመሬት ድልድሉ፣ በእንቅስቃሴ ቁጥጥሩና በጦርነቱ ቀነሰ። ሥራ አጦች ከከተማ ተሰብስበው ወደ ሰቲት ሁመራ የተላኩበት ጊዜም ነበር፤ በዚያ ሙቀትና ወባ ውስጥ በግዳጅ የመጣ ሰው ምን ያህል ሊለቅም እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ሰውን በአንድ መንደር መሰብሰብ ጥሩ ሐሳብ አልነበረም? ውኃና ትምህርት ቤት ለማድረስ ይቀላል።

ሐሳቡ ላይ ጠብ የለንም። ቅደም ተከተሉ ላይ ግን አለን። ውኃው፣ ክሊኒኩና ወፍጮው ቀድመው ተሠርተው ሰው ቢጠራ ብዙው በፈቃዱ ይመጣ ነበር። የተደረገው ተቃራኒው ነው፦ ሰው ተነሥቶ ሰፈረ፣ አገልግሎቱ በዕቅድ ቀረ። ቀደም ብሎ በባሌ ተሞክሯል፣ በ1977 በሐረርጌ በስፋት ተጀመረ፣ በ1978 አገር አቀፍ ሆነ። እስከ 1981 ድረስ ወደ 13 ሚሊዮን የሚጠጋ፣ ከገጠሩ ሕዝብ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ተሰበሰበ። ታንዛኒያ ከዚያ በፊት በኡጃማ መንደሮቿ ተመሳሳይ መንገድ ሄዳ የምርት መውደቅ አይታ ነበር።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ሜዳ ይመረጣል፣ በገመድ ተለክቶ ቀጥ ያለ መስመር ይሠመራል፣ ካስማ ይተከላል። ገበሬው ቤቱን ራሱ አፍርሶ ምሰሶውን፣ ማገሩንና የጣራውን ሣር ተሸክሞ ይሄዳል፤ አሮጌ ሣር ሲነቀል ግማሹ ይሰባበራልና አዲሱ ቤት ለክረምቱ ሳይደርስ ያፈስሳል። ማሳው ሩቅ ይሆናል። ሌሊት የሚጠብቀው ሰው ስለሌለ ከርከሮ ይገባበታል፣ ቀን ደግሞ ዝንጀሮ። ፍግና አመድ ሲጠግብ የኖረው ጓሮ፣ ጌሾው፣ ቡናው፣ ጎመኑ፣ በደቡብም እንሰቱ ከአሮጌው ቤት ጋር ይቀራል። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል። በአንድ ቦታ የተሰበሰበው ከብት ግጦሹን ጨርሶ በሽታ ይቀባበላል፤ የማገዶ መንገድ ይረዝማል። ይህ ሸክም በአብዛኛው የወደቀው በሴቶች ላይ ነው።

የ1977 ረሃብ የዚህ ፖሊሲ ውጤት ነው ማለት ይቻላል?

በዚህ ብቻ የመጣ ነው ማለት አይቻልም። ዝናብ ቀርቷል። በሰሜን ጦርነት ነበር፤ መንገድ፣ ገበያና ማሳ የጦር ሜዳ ሆነዋል። ፖሊሲው ያደረገው ሕዝቡ ክፉ ቀን የሚያልፍባቸውን መንገዶች አንድ በአንድ መዝጋት ነው። ጎተራ የሚተርፈውን ኮታ ወሰደ። እህል ከሞላበት ወደ ጎደለበት እንዳይሄድ ኬላ ከለከለ። ሥራ ፍለጋ ቆላ መውረድ በፈቃድ ሆነ፣ በገጠር መቀጠርም ተከለከለ። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በ1976 ማስጠንቀቂያ አሰምቶ ነበር፤ የመንግሥት ዓይን ግን የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በዓልና የገዢውን ፓርቲ የኢሠፓን ምሥረታ ያይ ነበር። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ሞቷል።

ሰፈራውስ?

ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰው፣ በአብዛኛው ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ፣ በአጭር ጊዜ ውስጥ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋ፣ ጋምቤላና መተከል ተጓጓዘ። በግዳጅ የተጫነና ከቤተሰቡ የተለየ ብዙ ነው። ደገኛው ወባ ወዳለበት ቆላ ወረደ። በፓዌና በመሳሰሉት ቦታዎች ገንዲ የሚባለው የከብት በሽታ በሬውን ይገድላል፤ በሬ ከሌለ ትራክተር የግድ ነው፣ ትራክተር ከመጣ ከላይ የተባለው የመለዋወጫና የነዳጅ ጣጣ ይከተላል። ከመሬታቸው የተገፉት የአካባቢው ነዋሪዎች፣ ጉሙዝንና አኝዋክን ጨምሮ፣ ያቀረቡት አቤቱታ ደግሞ ሰሚ አላገኘም።

ጭራሽ በጎ ነገር አልተሠራም?

ተሠርቷል። የጭሰኝነት መቅረት አንዱ ነው። በ1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች አስተምሯል፣ ዓለም አቀፍ ሽልማትም አግኝቷል። የገበሬ ማኅበር ፍርድ ሸንጎ ለደሃው የቀረበ ዳኝነት የሰጠባቸው ቦታዎች ነበሩ። እነዚህ ገበሬው የፈለጋቸውና ራሱ የገባባቸው ስለሆኑ ቆይተዋል።

መቼና እንዴት ቆመ?

ቀስ በቀስ ጀምሮ በአንድ ጊዜ ፈረሰ። በ1980 በአበዳሪዎች ግፊት የኮታው ዋጋ በጥቂቱ ከፍ አለ፣ ለነጋዴውም በር ገርበብ ተደረገ። የካቲት 26 ቀን 1982 ፕሬዚዳንት መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ቅይጥ ኢኮኖሚ አወጁ። ኮታ ቀረ፣ ኬላ ተነሳ፣ ከኅብረት ሥራ ማኅበር መውጣትም ተፈቀደ። በጥቂት ወራት ውስጥ አብዛኞቹ መልባዎች ፈረሱ፤ መሬቱን ተከፋፈሉ፣ በሬውን ተቃረጡ፣ አንዳንድ ቦታ የመጋዘኑ ቆርቆሮ ሳይቀር ተነቀለ። ከአዲሱ መንደር ቤቱን ነቅሎ ወደ ቀድሞ ቦታው የተመለሰውም ብዙ ነው። ማንም ዘመቻ አልጠራለትም፤ የአሥር ዓመት ቅስቀሳ ያልሠራውን ፈቃድ ብቻ ሠራው።

ዛሬ ከዚያ ምን ቀረ?

መሬት አሁንም አይሸጥም፤ ማከራየትና መቅጠር ግን በሕግ ተፈቅዷል። እርሻ ሰብል በሽግግሩ ዘመን የኢትዮጵያ እህል ንግድ ድርጅት ሆነ፤ ገበሬን የማስገደድ ሥልጣኑ ቀረ። በአማራ ክልል በ1989 በተደረገው የመሬት ሽግሽግ የደርግ ዘመን የገበሬ ማኅበር ተመራጮች «ቢሮክራት» ተብለው ከሌላው ያነሰ፣ ቢበዛ 4 ጥማድ እንዲይዙ ተደረገ። ከእነሱ ውስጥ በግድ የተመረጠና ጎረቤቱን ከኮታ ለማዳን የደከመ ሰውም ነበረበት፤ ቅጣቱ ይህን አለመለየቱ ሌላ በደል ነው። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መስጠት የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው፣ የሽንሸናውንም ፍርሃት በብዙ ቦታ አቃሏል።

የአካባቢዬን ታሪክ ከሽማግሌዎች መሰብሰብ እፈልጋለሁ። ምን ልጠይቅ?

«ኮታ እንዴት ነበር?» ብሎ መጠየቅ ምሬት ብቻ ያመጣል፤ ቁጥር የሚያመጣው ጠባብ ጥያቄ ነው። ስንት ኩንታል ተጣለብዎት? ያን ዓመት ስንት አገኙ? የት ድረስ ጫኑ፣ በስንት አህያ? የጎደለውን ከማን ገዙ፣ በስንት? ዓመቱን ካላስታወሱ በሚያስታውሱት ነገር ያስሉት፦ ከድርቁ በፊት ነው በኋላ? መንደር ሳንገባ ነው ከገባን ወዲያ? የመጀመሪያ ልጅዎ ሲወለድ?

ሊቀመንበሩን ብቻ ሳይሆን ያገኙትን የሱቅ ጸሐፊ፣ የመጋዘን ጠባቂ፣ ነጥብ መዝጋቢ ይጠይቁ፤ መዝገቡ ጠፍቶም እነሱ ያስታውሳሉ። ስለ መንደር ምሥረታ ደግሞ እናቶችን ያስቀድሙ፤ የውኃው ርቀት ምን ያህል እንደጨመረ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። መልሱን ከመጻፍዎ በፊት የአካባቢውን መስፈሪያ ያረጋግጡ። ቁናውም ጥማዱም ከአገር አገር ይለያያል፤ ስንት ቁና አንድ ኩንታል እንደሚሞላ፣ አንድ ጥማድ መሬት ስንት ቁና ዘር እንደሚወስድ መጀመሪያ ጠይቀው በማስታወሻዎ አናት ላይ ይመዝግቡ።